የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በ5 ደቂቃ የሚሞላው ባትሪ አዳማ ሲደርስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአዳማና ከአካባቢዋ የተላኩ ናቸው። የቴክኖሎጂና የሳይንስ ዜና ሰምተው «ይህ ነገር ለእኛስ ይሆናል ወይ?» የሚሉ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው። ሻጩ «አንዴ ከሞላ 600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይለኛል። የቤቴ ቆጣሪ ሲንግል ፌዝ ነው፤ ይችለዋል? ደግሞ በ5 ደቂቃ የሚሞላ ባትሪ ወጣ፣ ከሶዲየም የሚሠራ ባትሪ መጣ ይባላል። ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?
ነጋዴ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ አይጠብቁ። የ5 ደቂቃው ዜና ውሸት ሆኖ አይደለም። የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 እስከ 1,000 ኪሎዋት የሚሰጥ ቻርጀር አስተዋውቆ በ5 ደቂቃ ለ400 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ኃይል እንደሚሞላ ተናግሯል። በወሩ ሲኤቲኤል የተባለው ባትሪ አምራች የራሱን 520 ኪሎ ሜትር አድርሶታል። ግን አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል ብንል፣ 1,000 ኪሎዋት ማለት 280 ምጣድ በአንድ ጊዜ መጣድ ነው። ለአንድ መኪና ይህን የሚሰጥ ትራንስፎርመር በየሰፈሩ የለም። መኪናው ቢመጣ እንኳ ቤትዎ የሚሞላው ቆጣሪዎ በፈቀደው ፍጥነት ነው።

የሶዲየሙም እንደዚያው። ሲኤቲኤል በኤፕሪል 2025 ያሳየው የሶዲየም ባትሪ በኪሎ 175 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዋናው ብልጫው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ ውስጥ መሥራቱ ነው። አዳማ ላይ የሚያስቸግረን ብርድ አይደለም።

አሁን ወደ 600ው ኪሎ ሜትር። ቁጥሩ የመጣው ሲኤልቲሲ ከሚባለው የቻይና መለኪያ ከሆነ፣ ያ ፈተና በአማካይ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ፣ በአብዛኛው የከተማ ዓይነት አነዳድ ነው። በፈጣኑ መንገድ በ100 እና በ110 ሲነዱ የአየር ግፊያው ሌላ ነው። 600 ያለዎትን 400 ብለው ያስቡ፤ ከተረፈ ትርፍ ነው።

የእርስዎን መንገድ እናስላው። ፈጣኑ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መካከለኛ መኪና በዚያ ፍጥነት በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ለአንድ ጉዞ 15 ይሆናል። አዲስ አበባ ግን ከአዳማ በ700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ሰው የጫነ 2 ቶን መኪና ያንን ዳገት ለመውጣት ብቻ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። ስለዚህ መውጫው 19፣ መመለሻው ደግሞ ቁልቁለቱ ከፊሉን ስለሚመልስ 12 ወይም 13 ይሆናል። ደርሶ መልሱ 32 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ ውስጥ ዙረትዎን ይጨምሩበት። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና በመሀል ሳይሞላ ይመልስዎታል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አዲስ አበባ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልተው ቁልቁል ከወረዱ፣ ባትሪው የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው ከፍሬን የሚመለሰውን ኃይል አይቀበልም። መኪናው እግርዎን ሲያነሱ እንደለመዱት አይዝም፤ የሚሠራው ተራው ፍሬን ብቻ ይሆናል። ለመመለሻ 90 በመቶ ላይ ያቁሙት።

ቆጣሪው ይችላል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ግን ምጣዱ የሚሰካበት ሶኬት ላይ አይሰኩት። ይህን የምንለው አለምክንያት አይደለም። ምጣድ ሲሞቅ ይቆራርጣል፤ መኪና ግን ያለ እረፍት 10 ሰዓት ይስባል። 16 አምፒር በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት ነው፤ ከቻርጀሩ ብክነት በኋላ በሰዓት 3.1 ያህል ባትሪው ውስጥ ይገባል። 32ቱን ለመመለስ ከ10 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ለአጭር ጊዜ ሥራ የታሰበ ሶኬት፣ በተለይ ሽቦው በብሎኑ ጠበቅ ካላለ፣ በዚህን ያህል ጊዜ ይግላል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ቻርጅ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በእጅ ይንኩት። ለመያዝ የሚያቅት ከሆነ ወዲያው ያጥፉት።

ትክክለኛው ሥራ ይህ ነው፦ ከዋናው ብሬከር ሳጥን ለመኪናው ብቻ የሚሄድ መስመር፣ 6 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ 40 አምፒር ብሬከር፣ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ የሊኬጅ መከላከያ፣ መጨረሻው ላይ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቻርጀር። ይህ እስከ 32 አምፒር ወይም 7 ኪሎዋት ይሰጣል፤ 10 ሰዓቱ ወደ 5 ይወርዳል። ከዚያ በፊት ግን ከመብራት ኃይል ቤትዎ የተፈቀደለትን መጠን ይጠይቁ፤ ቆጣሪውም ሆነ ከፖሉ የሚመጣው ሽቦ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ቻርጀሩን በ16 አምፒር ገድበው ይጠቀሙ። አብዛኞቹ ቻርጀሮች ይህን ማስተካከያ አላቸው።

ብዙ ሰው የሚቸገርበት ኤርዙ ነው። ጥሩ ቻርጀር የመሬት ሽቦ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ይላል። ያኔ «ቀላል ነው» የሚል ባለሙያ ይመጣና ኤርዙን ከኒውትራሉ (ኃይሉ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር ያገናኘዋል፤ ቻርጀሩም ይታለላል፣ አረንጓዴ ይበራል። ይህን በፍጹም አይቀበሉ። ከፖሉ የሚመጣው ኒውትራል አንድ ቀን ቢበጠስ፣ የመኪናዎ ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል፤ በሩን የሚከፍት ልጅ መሬት ቆሞ ይነካዋል። መፍትሔው ቢያንስ 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ እርጥበት ባለው ቦታ መሬት ውስጥ መቅበር፣ በመሣሪያ ማስለካት፣ አፈሩ ደረቅና ድንጋያማ ከሆነም ሁለተኛ ዘንግ መጨመር ነው።

ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ከ190 በታች ሲሆን አንዳንድ ቻርጀር ራሱን ያጠፋል። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ሰዓት ይሙሉለት።

ሲገዙ የቻርጅ መሰኪያውን አይተው ይግዙ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ብዙውን ጊዜ ጂቢ/ቲ ነው፤ የፈጣኑና የዝግተኛው ቀዳዳ ለየብቻ ነው። የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ከሆነ ሁለቱ ተደርበው፣ ከታች ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች ይታያሉ። በመንገድዎ ያሉት የሕዝብ ቻርጀሮች የትኛውን እንደሚይዙ ሳያጣሩ አይፈርሙ። የባትሪው ዓይነትም ይለያያል። ኤልኤፍፒ የሚባለው በሳምንት አንዴ እስከ 100 ቢሞላ ይሻለዋል፤ ቮልቴጁ ብዙም ስለማይለዋወጥ መኪናው የቀረውን መቶኛ የሚያስተካክለው ሲሞላ ነው። ኤንኤምሲ ከሆነ ግን ለዕለት ሥራ 80 ላይ ያቁሙ፤ ሞልቶ ፀሐይ ላይ መዋልን ይጠላል። ያገለገለ ከሆነ ኦቢዲ በሚባለው የመኪናው መመርመሪያ መሰኪያ የባትሪውን ጤንነት አስነብበው ቁጥሩን በዓይንዎ ይዩ። የሻጭ ቃል አይበቃም።

ጥያቄ፦ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። አምስቱም ኮምፒውተሮቼ ኮር አይ 5 አራተኛ ትውልድ፣ ራማቸው 4 ጊጋ ነው። ዊንዶውስ 10 አበቃለት ሲባል ሰማሁ። ሁሉንም ልለውጥ?
የጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህታችን፣ አይለውጡ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14, 2025 ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ያው ይበራል፣ ያው ያትማል። የሚቆመው አዲስ የተገኘ ቀዳዳ መደፈኑ ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰብ ተጠቃሚ እስከ ኦክቶበር 13, 2026 ተጨማሪ ማሻሻያ ፈቅዷል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ቅንብር ማመሳሰል ለከፈተ ሰው በነፃ ነው፤ ካልሆነ 30 ዶላር ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ የመመዝገቢያው ቁልፍ ይታያል።

ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚፈልገው የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ስለሆነ የእርስዎዎቹ አያልፉም። አልፎ የሚጭንልዎ ሰው አይጠፋም፤ በአራተኛ ትውልድ ላይ ይሠራልም። ግን ማይክሮሶፍት ኃላፊነት አይወስድበትም፤ ትልቁ ዓመታዊ ማሻሻያ ሲመጣ እንደገና በእጅ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። በ4 ጊጋ ራም ላይ ደግሞ ደንበኛ እያለ ሲንቀራፈፍ ያሳፍራል።

ገንዘቡን እዚህ ላይ ያውሉት፦ በየኮምፒውተሩ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) እና ራሙን 8 ጊጋ ማድረግ። በኮፒ ቤት ውስጥ ልዩነቱ የሚታየው በዚህ ነው። እውነተኛው አደጋዎ ደግሞ ከኢንተርኔት ይልቅ የደንበኛ ፍላሽ ነው። ከአምስቱ በአንዱ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ሲስተም ይጫኑበትና ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይከፈት፤ የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ አይነሳም። የሚታተመውን ፋይል ብቻ በኔትወርክ ወደ ሌላው ያሳልፉ። ሁሉንም ሊነክስ እንዳያደርጉ ግን እንመክራለን፤ በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ውልና ማመልከቻ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አሁንም አለ፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደል ዝብርቅ ነው። ዊንዶውሱን «ኦሪጅናል ለማድረግ» የሚጫነው አክቲቬተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይረሱን ራሱ ይዞ ይገባል፤ አንቲቫይረስ አጥፉ የሚል መመሪያ ካለው ዓላማው ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች መሬት ላይ ነፋስ እየነፈሰ ለምን ይቆማሉ? ህዳሴ ግድብ ከተመረቀስ በኋላ ምን ይጠቅማሉ?
የ11ኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ የፊዚክስ ደብተርህን አውጣ። ከነፋስ የሚገኘው ኃይል የአየሩ እፍጋት ግማሽ፣ በሮተሩ (ክንፎቹ ሲዞሩ በሚሠሩት ክብ) ስፋት፣ በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ሲባዛ ነው። የአዳማዎቹ ሮተር 77 ሜትር ዲያሜትር ስላለው ስፋቱ 4,657 ካሬ ሜትር ይሆናል። የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ላይ በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ሲሆን፣ ከ1,700 ሜትር በላይ ባለው የአዳማ ኮረብታ 0.97 ገደማ ነው። ያው ነፋስ እዚህ ሲነፍስ 20 በመቶ ያህል ጉልበት ከፍታው ራሱ ወስዶበታል ማለት ነው።

ነፋሱ በሴኮንድ 8 ሜትር ቢሆን፣ በሮተሩ የሚያልፈው 1,156 ኪሎዋት ገደማ ነው። ቤትዝ የተባለው ወሰን ከ59 በመቶ በላይ መውሰድ አይፈቅድም፤ በተግባር 42 በመቶ ቢወሰድ ወደ 485 ኪሎዋት ነው። አሁን ፍጥነቱን ግማሽ አድርገው፤ በ4 ሜትር የሚገኘው የዚያ ስምንተኛ፣ 60 ኪሎዋት ብቻ ነው። ወደ 3 ሜትር ሲወርድ ተርባይኑ ራሱ መዞሩን ይተዋል፤ የሚያመነጨው ለራሱ መቆጣጠሪያ እንኳ አይበቃም። እጅግ ሲበረታም ክንፎቹን ገልብጦ ይቆማል፤ ካልቆመ ይሰበራል። ከዚህ ሌላ ጥገና አለ፤ የሚወስደው መስመር ሲቋረጥም ኃይሉ መሄጃ ስለሌለው ማቆም ግድ ነው። አንዱ ቆሞ ጎረቤቱ ቢዞር ከእነዚህ አንዱ ነው። በስልክህ የሚያሳየው የከተማ ነፋስ ደግሞ ኮረብታው ላይ፣ በዚያ ከፍታ ያለው አይደለም፤ በሱ አትፍረድ።

የአዳማ አንድ 34፣ የአዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት ናቸው፤ 51 እና 153፣ ድምሩ 204 ሜጋዋት። ጳጉሜን 4, 2017 የተመረቀው ህዳሴ 5,150 ነው፤ በቁጥር አይወዳደሩም። ጥቅማቸው በወቅቱ ላይ ነው፤ በበጋ ወንዞች ሲሳሱ የእኛ ነፋስ ይበረታል። ነፋሱ ባመነጨ መጠን ግድቡ ውስጥ ውሃ ይቀራል፤ ያ ውሃ ማታ ይለቀቃል።

ጥያቄ፦ የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ከአየር ውሃ ለሚያወጣ ቁስ ተሰጠ ሲባል ሰምቻለሁ። ሰፈራችን የጉድጓድ ውሃ ነው የምንጠጣው፤ የልጆቹ ጥርስ ቡናማ እየሆነ ነው። ይህ ነገር ይረዳናል? አፍልተን ብንጠጣስ?
እናት፣ ከአዳማ ገጠር ቀበሌ

መልስ፦ አፍልታችሁ አትጠጡት፤ ከዚህ እንጀምር። በአካባቢያችን ጥርስ ቡናማ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚበዛ ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ አይተንም። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። በሊትር 2 ሚሊ ግራም ያለውን 3 ሊትር አፍልታችሁ ወደ 2 ሊትር ቢወርድ፣ የቀረው 3 ሚሊ ግራም በሊትር ሆነ። ማፍላት ለጀርም ነው፤ ለጥርስ ግን ያባብሳል። ክሎሪንም፣ የአሸዋና የሴራሚክ ማጣሪያም ፍሎራይድን አይነኩም።

ኖቤሉ ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ በብረትና በካርቦን አዘል ሞለኪውሎች ለሠሯቸው ቀዳዳማ ቁሶች ነው። በአንድ ግራም ውስጥ ሺዎች ካሬ ሜትር የውስጥ ገጽ አላቸው፤ ጋዝ ማከማቸት፣ ብክለት ማጥመድ፣ ከደረቅ አየር ውሃ መሰብሰብ ይችላሉ። ግን በሞሃቬ በረሃ በ2019 ሲሞከር ከአንድ ኪሎ ቁስ በቀን የተገኘው 0.7 ሊትር ያህል ነበር። ለአምስት ሰው ቤተሰብ አይደርስም። ዛሬ የሚያዋጣው ሌላ ነው።

በመጀመሪያ ውሃውን ያስመርምሩ፤ ጣዕምና መልክ ምንም አይነግሩም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ከዚህ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ውሃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ከድንጋዩ ይወስዳል። ከወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ የቧንቧ ውሃ በዚህ በኩል ብዙውን ጊዜ ይሻላል። ስለዚህ ርካሹ መፍትሔ የመጠጡንና የወጡን ውሃ ብቻ ከቧንቧ መቅዳት ነው፤ ለእጥበት የጉድጓዱ ይበቃል።

በክረምት የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙ። ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል፤ 4 ሚሊ ግራም ያለበት የጉድጓድ ውሃ አንድ እጅ ከዝናብ ውሃ ሁለት እጅ ጋር ሲቀላቀል 1.3 ይሆናል። የመጀመሪያውን የጣሪያ እጥበት ይድፉት፤ የወፍ ኩስና አቧራ አለው። ይህኛው ግን መፈላት አለበት፤ የሚፈላው ደግሞ ከመቀላቀሉ በፊት፣ ተከድኖ።

ማጣሪያ ከተፈለገ ሁለት ነው። የአጥንት ከሰል፦ የከብት አጥንት አየር በማይገባበት በ400 እና በ500 ዲግሪ መካከል ተቃጥሎ ይፈጫል። በጥንቃቄ አንድ ኪሎው 1 ግራም ፍሎራይድ ይይዛል ብንል፣ 10 ኪሎ ማጣሪያ ከእያንዳንዱ ሊትር 3 ሚሊ ግራም እየያዘ 3,300 ሊትር ያህል ያጣራል። በቀን 20 ሊትር ለሚጠቀም ቤት ከ5 ወር ትንሽ ማለፍ ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ቀለሙም ጣዕሙም አይለወጥም። ችግሩ ይኸው ነው፤ ሰው ማጣሪያ አለኝ ብሎ እየጠጣ ማጣሪያው ካበቃለት ቆይቷል። የተጀመረበትን ቀን ጎኑ ላይ ይጻፉ። የማን አጥንት እንደሆነ የሚያስጨንቃቸው ጎረቤቶች ካሉ ከማስገባት በፊት ተነጋገሩ፤ በዚህ ምክንያት ሳይጠቀሙበት የቀረ ማጣሪያ አለ። ሁለተኛው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ነው፤ ፍሎራይዱን ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል፣ ግን ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 2 ወይም 3 ሊትር ይደፋል፣ ወደ 3 ባር ግፊትም ይፈልጋል። ከጣሪያ ሮቶ በሚወርድ ውሃ ብቻ አይሠራም፤ የግፊት ፓምፕ ይጨመርበታል።

የቆሸሸው ጥርስ አይመለስም። እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች ግን ቋሚ ጥርሳቸው ገና እየተሠራ ስለሆነ፣ ጥቂቱ ጥሩ ውሃ ለእነሱ ይቅደም።

ጥያቄ፦ በ2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ አለ ይባላል። አዳማ ላይ ሙሉ ነው? በራጅ ፊልም ማየት ይቻላል?
የሳይንስ መምህር

መልስ፦ ሰኞ ሐምሌ 26, 2019፣ በአውሮፓ ኦገስት 2, 2027 ነው። ሙሉው መስመር ከደቡብ ስፔን ተነስቶ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ ሉክሶር፣ በሳዑዲ ጂዳና መካ፣ በየመን አልፎ ሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያን ይነካል። እኛ ዳር ስለምንቀር አዳማ ላይ ከፊል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይታያል። ሰኔ 14, 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆኖ ከታየው በዚህ ይለያል። ከፊል ስለሆነ መከላከያ የሚወልቅበት አንዲት ሴኮንድ የለም።

ራጅ ፊልም፣ ሲዲ፣ ጥቁር መነጽር፣ ሳህን ላይ የተቀዳ ውሃ፦ አንዳቸውም አይሆኑም። ብርሃኑን ቢያደበዝዙም የማይታየውን ጨረር ያሳልፋሉ፤ ሬቲና ሕመም ስለማይሰማው ተማሪው የሚያውቀው ከተጎዳ በኋላ ነው። የሚሆነው አይኤስኦ 12312-2 የሚል ምልክት ያለው፣ ያልተጫረ የግርዶሽ መነጽር ወይም ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት ነው። በገበያችን የሚሸጡት የብየዳ መስታወቶች ብዙዎቹ 10 እና 11 ስለሆኑ ቁጥሩን አንብበው ይግዙ።

ለክፍል ሙሉ ተማሪ ግን ካርቶን ይበቃል። 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በመርፌ ይብሱ፣ ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው ነጭ ወረቀት 1 ሜትር ርቀት ላይ ይያዙ፤ የፀሐይዋ ምስል 9 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወድቃል። በ2 ሜትር 18 ይሆናል፣ ግን ይደበዝዛል፤ ወረቀቱን በጥላ ውስጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀዳዳው ከሰፋ ጨረቃ የጎረደችው ጠርዝ አይለይም፤ ይህን ከሁለት ሳምንት በፊት በተራ ፀሐይ ይሞክሩት።